መውጫ የሌለው ሐይቅ

(ሀዋሳ ውስጥ ለሆቴል ሠራተኞች፣ ለጀልባ ነጂዎች፣ ለአስጎብኚዎችና ለሰፈር ወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። ጽሑፉን የጠየቃችሁኝ ብዙ ስለሆናችሁ እንደተናገርኩት አስቀመጥኩት።)

እንኳን ደህና መጣችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ለእናንተ የሥራ ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። ጀልባችሁን አቁማችሁ፣ ጠረጴዛችሁን ለሌላ ሰው ትታችሁ ነው የመጣችሁት። ስለዚህ በቀጥታ ልግባ።

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁልኝ ብትሄዱ ይበቃኛል። ሐይቃችን መውጫ የለውም።

ጣና ዓባይ አለው። ዝዋይ ቡልቡላ አለው፤ ውሃውን ወደ አብያታ ይልካል። ከሀዋሳ ሐይቅ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ጥቁር ውሃ የሚባለው ወንዝ ይገባል፣ የክረምት ጎርፍ ይገባል፣ ከዚያ ውሃው ፀሐይ መትቶት ይተናል። ጥቂቱ ደግሞ ከምድር ስር ይሰርጋል፤ ሐይቃችን እንደ ሻላ ሐይቅ ጨው ያልሆነውም በዚህ ነው። ግን አስቡት። ወጥ እሳት ላይ ረስታችሁት ውሃው ሲተን ምን ይሆናል? ጨውና በርበሬው ድስቱ ውስጥ ይቀራል። ሐይቁም እንደዚያ ነው፤ ውሃው ወደ ሰማይ ሲሄድ እኛ የጨመርነው ነገር አብዛኛው እዚሁ ይቀራል። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው ዳርቻ ሆናችሁ ስታዩት ባሕር ይመስላል እንጂ ስፋቱ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቅ የሚባለው ቦታም ከ20 ሜትር ብዙም አይዘልም። ትልቅ ድስት አይደለም።

እኔ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ። ሥራዬ ሰው ይዞ የመጣውን ሰገራና ደም በማይክሮስኮፕ ማየት ነው። ስለ ሐይቁ የማውቀውን አብዛኛውን የተማርኩት ሐይቁ ዳር ቆሜ ሳይሆን መስታወቱ ላይ ጎንበስ ብዬ ነው።

አንድ ጊዜ አንዲት እናት የ11 ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። ሆዱን ያመዋል፣ ሰገራው ላይ አንዳንዴ ደም ይታያል፣ ክፍል ውስጥ ያንቀላፋል። አሜባ ነው ብላ ከፋርማሲ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ገዝታ ሰጥታዋለች። ናሙናውን ሳይ እንቁላሉ ቁልጭ ብሎ ታየኝ። ሞላላ ነው፣ ጎኑ ላይ ደግሞ እሾህ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል። ያንን እሾህ አንድ ጊዜ ያየ ሰው አይረሳውም። ቢልሃርዝያ። ልጁን የት ትዋኛለህ አልኩት። እናቱን በጎን አየት አደረገና ዝም አለ። እናቱ ነች የመለሰችው፦ «ሐይቁ ዳር ነው የሚውለው፣ አሳ ያጠምዳል።»

ቢልሃርዝያ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የብዙ ሰው ግምት የተሳሳተ ነው። ሰው ውሃውን ካልጠጣሁ አልታመምም ይላል። በሽታው ግን በዋናነት በቆዳ ነው የሚገባው። ነገሩ የሚጀምረው የታመመ ሰው ሜዳ ላይ ወይም ውሃ ዳር ሲጸዳዳ ነው፣ ወይም ሽንት ቤቱ በጎርፍ ቱቦ በኩል ሐይቁ ውስጥ ሲለቀቅ። እንቁላሉ ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈልና አንዲት ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። ቀንድ አውጣዋ ሳርና ደንገል የበዛበትን ጥልቀት የሌለውን ዳርቻ ትወዳለች፤ ልጆች የሚንቦጫረቁበት፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ባጃጅ የሚታጠብበት ያው ቦታ ማለት ነው። ትሉ እሷ ውስጥ ሳምንታት ቆይቶ በሺዎች ተባዝቶ ይወጣና ውሃው ላይ ይንሳፈፋል። የሰው እግር ሲያገኝ ቆዳውን በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል። አያምም። አንዳንዱን ትንሽ ያሳክከዋል፣ በቃ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ደግሞ ስሙኝ። ትሉ ደም ስር ውስጥ ዓመታት ይኖራል። የሚጥለው እንቁላል ግማሹ በሰገራ ይወጣል፣ ግማሹ ጉበትና አንጀት ውስጥ ይቀራል። ጉበት ላይ የቀረው ቁስሉ እየጠነከረ ይሄዳል፣ ጣፊያ ያብጣል፣ ሆድ ውሃ ይይዛል። በ40 ዓመታቸው ደም አስታውከው የመጡ ዓሣ አጥማጆች አይቻለሁ። መጀመሪያ ውሃው ውስጥ የገቡት ልጅ ሆነው ነው።

ትሎቹ በብዛት የሚወጡት ፀሐይ ሲጠነክር ነው፤ እኩለ ቀን አካባቢ። እንግዳ «ውሃ ውስጥ ልግባ» የሚለውም በዚያው ሰዓት ነው። ጀልባ ነጂዎች፣ ይህን ለእናንተ ነው የምለው። እንግዳው ከዳርቻው ሳሩ ውስጥ ገብቶ ጀልባ እንዳይወጣ፣ ከመወጣጫው ላይ እንዲሳፈር አድርጉ። እናንተም ጀልባ ስትገፉ ቦት ጫማ አድርጉ። ውሃው ውስጥ ቆማችሁ የምትውሉት እናንተ ናችሁ፤ እንግዳው ሁለት ቀን ሰንብቶ ይሄዳል።

መድኃኒት አለው። ፕራዚኳንቴል ይባላል፣ በኪሎ ተሰልቶ በአንድ ቀን ይዋጣል፣ በትምህርት ቤት ዘመቻም ይሰጣል። ያ ልጅ ወሰደና ዳነ። በአራተኛው ወር ተመልሶ መጣ፤ ያው እሾህ ያለው እንቁላል። መድኃኒቱ ያለውን ትል ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። እናቱ ተናደደችበት። እኔ ልጁን መቆጣት አልቻልኩም። ሐይቅ ዳር የተወለደ የ11 ዓመት ልጅ ውሃ አትንካ ሲባል የት ይሂድ?

ጥፋቱ ውሃው ውስጥ በገባው ልጅ አይደለም። ጥፋቱ ሰገራ ውሃው ውስጥ መግባቱ ነው።

ወደዚህ ልምጣ። ሰገራው ከየት ነው የሚመጣው? አንዱ ሜዳ ላይ መጸዳዳት ነው። ሕዝብ በሚበዛበት ዳርቻ የሚሠራ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ማግኘት ከባድ ነው። እሁድ ቀን ስንት ሺህ ሰው ለመናፈስ ይመጣል፤ ቢራና ለስላሳ ይጠጣል። የት ነው የሚሸናው? ይህን ጥያቄ መጠየቅ ነውር የሚመስለው ሰው አለ። ነውሩ አለመጠየቁ ነው።

ሁለተኛው ሽንት ቤት ነው። ሐይቁ አካባቢ የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ነው፤ ትንሽ ስትቆፍሩ ውሃ ይወጣል። ስለዚህ ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል፣ ፍሳሹም በአሸዋው ውስጥ እየሰረገ ወደ ሐይቁ ይሄዳል። ማስመጠጥ ደግሞ ገንዘብ ነው። መጣጭ መኪና ጠርቶ ከመክፈል ክረምት ጠብቆ ዝናቡ ሲጠነክር በሌሊት ወደ ጎርፍ ቦዩ መልቀቅ የሚቀለው አለ። ስም አልጠራም፣ ለመጥራትም አልመጣሁም። ግን እዚህ ከተቀመጣችሁት መሐል ቧንቧው ሲከፈት የሰማችሁ፣ ወይም ክፈት ተብላችሁ የታዘዛችሁ አላችሁ። እናንተን አልወቅስም፤ ደመወዛችሁ በሌላ ሰው እጅ ነው። ግን ያ ፍሳሽ የት እንደሚሄድ አሁን አወቃችሁ። የትም አይሄድም። እዚሁ ነው።

ስለ ፋብሪካ ካላወራሁ ደግሞ ቅር እንደምትሰኙ አውቃለሁ። ዓመቱን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ ያለን አንድ ነው፤ ጥቁር ውሃ። ፋብሪካዎች በዙሪያው ተሠሩ፣ ፍሳሻቸውም ለዓመታት ወደ እሱ ሄደ። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀምበት፣ ወደ ውጭ ጠብታ እንዳይለቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ሊመሰገን ይገባል። ማጣሪያው ግን ሃያ አራት ሰዓት መሥራት አለበት፤ ከፓርኩ ውጭ ያሉትም እንደዚያው መጠየቅ አለባቸው።

ድሮ አንድ ረዳት ነበረን። ጨለለቃ። በ1960ዎቹ ውሃ የተኛበት ሐይቅ ነበር፣ ዛሬ ረግረግና ግጦሽ ሆኗል። ከጋራው የሚመጣው ውሃ እዚያ ያርፍ ነበር፤ ደለሉ ይዘቅጣል፣ ደንገሉ ያጣራዋል፣ ከዚያ ነው ወደ ጥቁር ውሃ የሚወርደው። ላይ ያለው ጫካ ሲመነጠርና እርሻው ሲገፋ ጨለለቃ በደለል ሞላ። አሁን አፈሩም ማዳበሪያውም በቀጥታ ይመጣል። ስለዚህ የሐይቁ ጉዳይ የከተማው ብቻ አይደለም፤ ወንዶ ገነት ያለው ገበሬም የሐይቁ ጎረቤት ነው።

ውሃው አረንጓዴ ሲሆን አይታችኋል። ፎቶ ላይ ያምራል። ማዳበሪያውና ፍሳሹ ለአልጌ ምግብ ነው፤ ሲጠግብ ይፈላል። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መርዝ ያመነጫሉ፣ ጉበት የሚጎዳ መርዝ። እና ልብ በሉ፣ ማፍላት ባክቴሪያ ይገድላል እንጂ ይህን መርዝ አያጠፋውም። ስለዚህ ውሃው አረንጓዴ አረፋ ሲይዝ ከብት አታጠጡበት፣ ልጅ አታስገቡበት፣ አፍልቼ ልጠቀምበትም አትበሉ።

ስለ ሆድ በሽታ ትንሽ። እዚህ አገር ትኩሳት የያዘው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይመለሳል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ታይፎይድ በተበከለ ውሃና ምግብ ይመጣል፤ በቅማል የሚመጣው ታይፈስ ከውሃ ጋር አይገናኝም። የምንጠቀምበት የደም ምርመራ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያሳስታል፤ ድሮ ታመው የዳኑትንም ፖዘቲቭ ይላቸዋል። ይህን የምለው ሐኪም ለማስወቀስ አይደለም። ሰው በየወሩ «ታይፎይዴ ተነሳ» እያለ አንቲባዮቲክ ሲውጥ የውሃው ጉዳይ ይረሳል፣ መድኃኒቱም መሥራት ያቆማል። ኮሌራንም አንርሳ። በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ባሌ ላይ የጀመረው ወረርሽኝ በርካታ ክልሎችን አዳርሷል። አተት አልነው ኮሌራ አልነው፣ ሰው በሰዓታት ውስጥ የሰውነቱ ውሃ አልቆ ይሞታል፤ በጊዜው ኦ.አር.ኤስ ካገኘ ደግሞ አብዛኛው ይድናል። ውሃ ሲጠፋ ከየት እንደሚቀዳ ሁላችንም እናውቃለን። በጀሪካን የመጣ ውሃ ቤት ሲደርስ ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ጨምሩበት፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ሮቷችሁንም እጠቡት። ብዙ ሆቴል ንጹሕ ውሃ ቆሻሻ ሮቶ ውስጥ ይጨምራል።

አሁን ወደ አሳው። አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው የአሳ ገበያ፣ የከተማችን ፊት ነው። እንግዳ ሁሉ እዚያ ይወሰዳል፣ አባ ኮዳ የሚባለውን ወፍ ያያል፣ ጥብስ ይበላል፣ ሾርባ ይጠጣል። አሳ ጥሩ ምግብ ነው፣ አትብሉ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። ሁለት ነገር ብቻ።

አንደኛ፣ ጥሬውን ተዉት። ትኩስ አሳ በዳጣ ደስ እንደሚል አውቃለሁ፣ ልጅ እያለሁ በልቼዋለሁ። ግን አሳ ሆዱና ሥጋው ውስጥ ትል ይይዛል፣ ወደ ሰው የሚተላለፍም አለ። ሎሚም ዳጣም አይገድለውም፤ የሚገድለው እሳት ነው። ደግሞ ያ አሳ የሚታጠበው በዳርቻው ውሃ ነው፣ የተጣለው አንጀት አጠገብ። ቢላዋውም ያው ነው።

ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው። ሐይቃችን ላይ በተደረገ ጥናት ትልልቁ ነጭ አሳ፣ አንዳንዱ ቢልጫ የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ለሚበላው ሰው ከሚመከረው በላይ ሜርኩሪ ተገኝቶበታል። ቆሮሶ ላይ ግን ጥቂት ነው። ለምን መሰላችሁ? ቆሮሶ አልጌ ነው የሚበላው። ትልቁ ነጭ አሳ ግን ሌላ አሳ ይበላል። ትንሹ አሳ ውስጥ ያለው ጥቂት ሜርኩሪ ከሰውነት ቶሎ ስለማይወጣ ትልቁ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ዕድሜውና ክብደቱ በጨመረ ቁጥር ይበዛበታል። ሜርኩሪ የሚጎዳው ነርቭን ነው፣ ከሁሉ በላይ ገና በማሕፀን ያለን ልጅ። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት አሳ ስታዝ፣ አስተናጋጆች እባካችሁ፣ ቆሮሶ ስጧት። ለዚህ አዲስ ወጪ የለበትም።

በዚህ መሐል ውሃ ውስጥ ስለሚገኘው ፍሎራይድ የጠየቀኝ ሰው ስላለ በአጭሩ ልመልስ። እሱ ከሰው አይደለም፤ የስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ነው የሚለቀው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ከዚያ ብዙ እጥፍ የሆኑ ጉድጓዶች አሉ። ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አይጠቅምም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይጠነክራል። ጉድጓድ የምታስቆፍሩ ሆቴሎች፣ ውሃውን ሳታስመረምሩ ለሠራተኛ አታጠጡ። ለእንግዳው የታሸገ ውሃ ትሰጣላችሁ። ወጥ ቤት ያለችው እህት ግን ዓመቱን ሙሉ የምትጠጣው ከጉድጓዱ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ልናገርለት። «ይህን ሁሉ በአደባባይ ስታወራ ቱሪስቱ አይሸሽም ወይ?» ይህን በጣም አስቤበታለሁ። ግማሹ ወንድሞቼ በቱሪዝም ነው የሚበሉት። ግን እንግዳው አገሩ ገብቶ ከወር በኋላ ትኩሳት ሲይዘውና ሐኪሙ ቢልሃርዝያ ነው ሲለው የት እንደያዘው ይገባዋል፤ ለጓደኞቹም ይነግራል። ዝም ማለታችን እሱን አያስቀረውም። ከዚያ በላይ ደግሞ እኔን የሚያሳስበኝ እንግዳው አይደለም። የሚታመመው እዚህ የቀረው ሰው ነው፤ ልብስ አጣቢዋ፣ መረብ ጎታቹ፣ ባዶ ሃይላንድ ከውሃው የሚለቅመው ልጅ። ከተማው በሐይቁ ስም ከሚያገኘው ገንዘብ ለእነሱ የሚደርሳቸው ጥቂት ነው፣ በሽታው ግን ሙሉው።

ምን ይደረግ ላላችሁኝ። የሆቴል ባለቤቶች፣ የሽንት ቤት ጉድጓዳችሁን በደንብ ሥሩት፣ ስታስመጥጡ ደረሰኙን አስቀምጡ፣ መኪናው የት እንደሚደፋም ጠይቁ። መኪናው ሄዶ ጥቁር ውሃ ዳር የሚደፋ ከሆነ ምንም አላደረጋችሁም። የሰፈር ሰዎች ደግሞ ሕጉን እወቁ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሰው ሁሉ ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ደግሞ ይህን ሥራ ላይ የሚያውል አንቀጽ አለው፤ ብክለት ያየ ማንም ሰው፣ እኔን በቀጥታ ነክቶኛል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልረካ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። በጽሑፍ አስገቡ፣ ቀኑን ጻፉ፣ ኮፒውን ያዙ። በቃል የተነገረ አቤቱታ በማግስቱ የለም።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች አንዱን ብቻ ልጨምር፣ ሌሎቹን ከላይ መልሻለሁ። አንዲት እናት ተነስተው «ልጄን አስመርምሬው ነፃ ነው ተባልኩ፣ ሆዱ ግን አሁንም ያመዋል» አሉ። እትዬ፣ አንድ ቀን ታይቶ ነፃ ነው መባል አይበቃም። ትሉ በየቀኑ እኩል እንቁላል አይጥልም፣ እኛም የምናየው ከሰገራው ቅንጣት ነው። ደግሞ ልጁ ውሃ ውስጥ ከገባ ሁለት ወር ካልሞላው እንቁላሉ ገና ላይወጣ ይችላል። ስለዚህ በሦስት የተለያዩ ቀናት ትኩስ ናሙና ይዘው ይምጡ፣ ጠዋት ቢሆን ይሻላል። ሐይቅ ዳር እንደሚውልም ለሐኪሙ ይንገሩት። ካልነገሩት አይጠይቅዎትም።